ከግድግዳው ማዶ ያለው ፎልደር

ጋሼ የተገኙት ከጠረጴዛቸው ሥር ነው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ቀኝ እጃቸው ተዘርግቶ የግድግዳውን ግርጌ ነክቷል፤ ከጆሮ ግንዳቸው የወረደው ደም ምንጣፉ ላይ ረግቷል። የብረት ቁም ሳጥኑ ጠርዝም ደም ይዟል። ይህ ሳያንስ ያገኛቸው ሰው ሽቦ ሆነ።

ሽቦ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጡለት በቅጥነቱ ነው፤ እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ መብረቅ መትቶት በጥርሱ ራዲዮ ሲሰማ እንደ ከረመ ይተርካል። ውሸት ለሽቦ ክፋት አይደለም፤ ጨው ነው፤ ያለ እሱ ወሬ አይጥመውም። ኬብሉን አይጥ ለበላበት ደንበኛ፣ ያችኑ አይጥ ይዞ ጅራቷን እዚህ፣ አፍንጫዋን እዚያ ሰክቶ፣ አዲስ ኬብል እስኪመጣ በእሷ እንዳሠራለት ሲናገር ዐይኑን አያሽም። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። የሚያምነው ግን የለም። ሚስቱ እንኳ «ዝናብ ጣለ» ሲላት መስኮት ከፍታ ሳታይ ልብስ አታስገባም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ሁሉ ጉዳት አልነበረውም። አሁን ግን ረጅሙ ፖሊስ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሽቦም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ያልጨመረበት እውነት ይዞ፣ የሚሰጠው ሰው አጥቶ ቁጭ ብሏል።

ጋሼ የሞቱበት ቢሮ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ነው፤ ከአንድ አሮጌ ፎቅ አናት ላይ ተሰቅሏል። መውጫው አንድ ደረጃ፣ መግቢያው አንድ የብረት በር ነው። መስኮቶቹ ለሌባ ተብሎ በብረት ተሸብበዋል፤ ዛሬ ግን ብረቱ ሌባን ከማስቀረት ይልቅ ሰውን ማስቀረት የጀመረ ይመስላል። ባለቤቱ ውጭ አገር ናቸው። ቢሮውን የሚመሩት ምክትሉ ናቸው፤ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ አዲስ፣ ድምፃቸው ሁልጊዜ ከአንድ ፎቅ በላይ። ከእሳቸው በታች እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቀመጥ ጸሐፊ፣ በትልቁ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውል ነዳፊ፣ በነዳፊውና በምክትሉ ክፍል መሀል ደግሞ ጋሼ ነበሩ።

ጋሼ የቢሮው አዛውንት ናቸው። ድሮ የሁሉም ንድፍ ማስቀመጫ የሆነው ሰርቨር ሲቃጠል፣ የጋራ ፎልደሩ «ለጊዜው» ተብሎ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ። ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ ዕድሜው የኤሊ ነው፤ እዚያው ቀረ። የጋሼ ኮምፒውተር እንደ ጌታው ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ካልነኩት ያንቀላፋል። እሱ ሲያንቀላፋ ፎልደሩ ከሁሉም ስክሪን ድርግም ይላል። ያኔ የቢሮው ሰው ኮምፒውተር ጠጋኝ አይጠራም። ወደ ግድግዳው ዞሮ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ግድግዳው ስስ ጣውላ ነው። ጋሼ ከወዲያ አንድ ጊዜ አንኳኩተው ይመልሱና ማውሱን ነካ ያደርጋሉ፤ ፎልደሩ ይመጣል። ሰላም ይሆናል።

ሽቦ ይህን ነገር በአንዲት ጠቅታ ሊያስተካክለው እንደሚችል ስንቴ ለምኗቸዋል። ጋሼ እንዳይነካባቸው እጁን ይይዙታል። «ተው ልጄ፣ ካላንኳኩማ መኖሬን ማን ያስታውሳል?» ይላሉ።

በዚያ ቀን ጠዋት ሽቦ ማተሚያ ሊጠግን መጥቶ፣ መሀል ላይ ፎልደሩ ጠፍቶ ሥራው ተበላሸበት። ብልጭ አለበትና ሁሉም እየሰሙት «እምቢ ካሉ አንድ ቀን እርስዎንም ኮምፒውተሩንም አብሬ ነው የማስተኛችሁ» አላቸው። ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም ይልቅ የሳቁት ጋሼ ነበሩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሽቦም አላወቀውም።

ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ምክትሉ ናቸው። የጋራ ፎልደሩ ጠፍቷል አሉት። ሽቦ እንደ ልማዱ የእሳቸው ብቻ ይሁን የሁሉም ጠየቃቸው። «የሁሉም ነው፤ ቶሎ ና። የጋሼን ክፍል ቁልፍ መያዝ አትርሳ» ብለው ዘጉት። ትርፉን ቁልፍ ጋሼ ራሳቸው ለሽቦ ሰጥተውታል፤ እሳቸው በሌሉ ጊዜ ኮምፒውተሩ ቢተኛ እንዲቀሰቅስላቸው ነበር። በሩ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል፤ ቁልፍ የሚያስፈልገው ለመግባት ነው።

ሽቦ መንገዱን ተሻገረ፤ ደረጃውን ወጣ። እንግዳ መቀበያው ጋ ማተሚያው ወረቀት እየተፋ ነበር። ጸሐፊዋን ሲያያት የአይጧ ታሪክ ትዝ አለውና ጀመረላት። ታሪኩ መሀል ላይ ከትልቁ ክፍል ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተንኳኳ። ጸሐፊዋ ዞር ስትል፣ ሽቦ ቆይ ልጨርስልሽ አላት። ሦስተኛው ማንኳኳት ካለፈ በኋላ ነዳፊው ረጅም ማስመሪያውን እንደያዘ ብቅ አለ፤ ጋሼ አንኳኩተው ይመልሳሉ፣ ፎልደሩ ግን አይመጣም አለ። ሽቦ ቁልፉን አውጥቶ ከፈተ። ጋሼ ያኔ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

መርማሪዋን በሥራ ቦታዋ ወንፊት ይሏታል። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ ስትጠይቅም የምትቀመጠው ከተጠያቂው ዝቅ ብላ ነው። ሰው ቁልቁል ሲያይ አንገቱ ይላላል፤ አንገቱ ሲላላ ምላሱም ይላላል የሚል እምነት አላት። የብረት በሩን አስቆልፋ አራቱንም በነዳፊው ክፍል ሰበሰበች። ማንም እንዳይወጣ ተባለ። ክፍሉ ታፈነ። ሽቦ የመስኮቱን ብረቶች ይቆጥር ጀመር፤ ደርዘን ሳይሞላ እየጠፋበት እንደገና ይቆጥራል።

መጀመሪያ የጠራችው እሱን ነው። በምሳ ሰዓት የት እንደነበረ ጠየቀችው። ሽቦ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አፉ ግን የቆየ ልማድ አለው።

«የአየር ማረፊያው ራዳር ቆሞ፣ አውሮፕላኖቹ ሰማይ ላይ እየዞሩ ሲለምኑኝ ነበር» አለ።

ወንፊት ጻፈች። ቀና አላለችም።

«ስንት አውሮፕላን?»

ረጅሙ ፖሊስ ከበሩ ሳቀ፤ ካቴናውም አብሮ ሳቀ።

«አይ፣ እትዬ፤ ፀጉር ቤት ነበርኩ። ልስተካከል ብዬ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ታዲያ ራዳሩን ማን ጠገነው?» አለችው ወንፊት። ከዚያ ስለ ፎልደሩ፣ ስለ ማንኳኳቱ፣ ስለ ጠዋቱ ዛቻ አንድ በአንድ አናዘዘችው። ሽቦ ተናገረ፤ ምንም አልጨመረም። እውነት ሲናገር ደግሞ ድምፁ ይንተባተባል፤ ስላልለመደው። የራሱን ቃል ሲሰማ ራሱም አላመነውም።

ቀጥሎ ነዳፊው ቀረበ። ለመምታት እንዳነሳው ሁሉ ማስመሪያውን አልለቀቀም። ምሳውን ውጭ በልቶ ተመልሶ ሲሠራ፣ ፎልደሩ ድንገት ድርግም ሲልበት ሁለቴ እንዳንኳኳ፣ መልሱም እንደመጣለት ተናገረ። ግን መልሱ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ደከም ያለ፣ ከወለሉ አጠገብ የመጣ ነበር። ጋሼ ብዕር ወድቆባቸው ጎንበስ ያሉ መስሎት ነበር። ወንፊት ማን ማን እንደሚያንኳኳ ጠየቀችው።

«ሁላችንም ነን። ጸሐፊዋ ግድግዳው ስለማይደርሳት ‹አንኳኳልኝ› ብላ ትጮኽብኛለች። ምክትሉ ከወዲያኛው ወገን ሲያንኳኩማ እዚህ የሰቀልኩት ስዕል ይወድቃል።»

«ዛሬስ ወድቋል?»

ነዳፊው ወደ ስዕሉ ዞሮ አየ። ስዕሉ በቦታው ነበር።

ጸሐፊዋ ጥቂት ነው የተናገረችው። ንድፎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ስታትም፣ የመጨረሻው አልከፈት እንዳላት፣ ወዲያው ነዳፊው ሲያንኳኳ እንደሰማች ነገረቻት። ስትናገር ዐይኗ ጋሼ ክፍል ላይ ሳይሆን ምክትሉ ላይ ነበር። ወንፊት ይህን አየች።

ምክትሉ ሲጠሩ ወንበራቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ። ምሳቸውን ክፍላቸው ውስጥ በልተዋል፤ ማንም ሲገባ አላዩም፤ ምንም አልሰሙም። «ፎልደሩ ጠፋ፤ ባለሙያ ጠራሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?» አሉ። ጨምረውም፣ ሽማግሌውን እንደሚያስተኛቸው ጠዋት በአደባባይ የዛተ፣ ቁልፉም በኪሱ ያለ ሰው እያለ፣ እሳቸውን መጠየቅ ጊዜ ማባከን መሆኑን በትህትና አስረዱ።

ወንፊት ከዚያ ወደ ሟቹ ክፍል ብቻዋን ገባች። ሁለቱን ግድግዳዎች በመዳፏ ዳሰሰች። በነዳፊው ወገን ወዳለው ግድግዳ ግርጌ ወረደች፤ ጣውላው ላይ የደም ጣቶች ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው በላይ ተደራርበዋል። ወጥታ ወደ ምክትሉ ክፍል ገባች። ከወንበራቸው አጠገብ ግድግዳው በጡጫ ብዛት ጎድጉዶ ቀለሙን ጥሏል። ረጅሙን ፖሊስ ሟቹ ክፍል አስቁማ፣ ያንኑ ደም ያለበትን ጣውላ ከወለሉ አጠገብ ቀስ ብሎ እንዲያንኳኳ አዘዘችው፤ እሷ ምክትሉ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተሰማት። ጥርት ብሎ ተሰማት።

ስትመለስ ሁሉም እንደተቀመጡ ናቸው። አየሩ ከብዷል። ረጅሙ ፖሊስ ለሽቦ ቀረብ ብሎ፣ ጥፍሩን እንዲቆርጥ፣ እስር ቤት መቁረጫ እንደማይሰጥ በጆሮው ነገረው። ሽቦ ጥፍሩን በመዳፉ ሸሸገ። ሃያ ዓመት የዋሸው ሁሉ ተሰብስቦ በሩ ላይ የቆመበት መሰለው።

ወንፊት ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«በምሳ ሰዓት የብረት በሩ ክፍት ነበር» አለች። «ሁላችሁም ልትገቡ ትችሉ ነበር፤ ጋሼም አንኳኩቶ ለመጣ ሁሉ ይከፍታሉ። የወጣው ሰው ደግሞ በሩን ከሳበው ይቆለፋል። ስለዚህ ማን ገባ እያልኩ አልደከምኩም። ማን፣ ምን፣ መቼ አወቀ ብዬ ነው የጠየቅኩት። ሽቦ፣ ሰው ፎልደር ጠፋብኝ ሲልህ ምን ትላለህ?»

«የአንተ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም እላለሁ። የአንድ ሰው ከሆነ የራሱ ኬብል ነው፤ ወይም የይለፍ ቃሉን ረስቷል። የሁሉም ከሆነ ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ተኝቷል።»

«ምክትሉንም ጠየቅካቸው?»

«ጠየቅኳቸው። የሁሉም አሉኝ።»

ምክትሉ ፈገግ አሉ። «እሱን ምስክር ካሉ ራዳሩንም ይጥሩልኝ።»

ሽቦ አንገቱን ደፋ። ወንፊት ግን ወደ ጸሐፊዋ ዞራ፣ ሽቦ ሲደርስ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቀቻት። ንድፍ ታትም ነበር። ንድፉን ከየት አውጥታ?

«ከጋራ ፎልደሩ» አለች ጸሐፊዋ፤ ብላም ራሷ ደነገጠች።

«ልብ በሉ» አለች ወንፊት። «ሽቦ ተጠርቶ፣ ከፀጉር ቤቱ ተነስቶ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ ሲደርስ ፎልደሩ ይሠራል። ማተሚያው ወረቀት እየተፋ ነው። ሽቦ አይጥ እያወራላት ሳለ ፎልደሩ ጠፋ፤ ነዳፊው ያኔ አንኳኳ። ምክትሉ የደወሉት ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ፎልደሩ ገና ሳይጠፋ፣ ጠፋ ብለው ባለሙያ የጠሩ ሰው በዚህ ቢሮ አንድ ብቻ ናቸው።»

«የእኔ ብቻ ጠፍቶ ነበር» አሉ ምክትሉ። ድምፃቸው አንድ ፎቅ ወረደ።

«እንኪያስ ለምን አላንኳኩም? እዚህ ሰው መጀመሪያ ያንኳኳል፤ እርስዎ ደግሞ ስዕል እስኪወድቅ ነው የሚያንኳኩት። ዛሬ ስዕሉ አልወደቀም። መልስ የሚሰጥ እንደሌለ የሚያውቅ ሰው አያንኳኳም። ጋሼ ከወደቁ ማውሱን የሚነካው የለም፤ ስለዚህ ፎልደሩ ጠፍቷል ብለው ገመቱ። ዞር ብለው ስክሪንዎን እንኳ አላዩም። ኮምፒውተሩ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያንቀላፋው። የጠዋቱ ዛቻ ከሰው ጆሮ ሳይወጣ፣ ሽቦ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ሬሳው ላይ እንዲገኝ ቸኮሉ።»

«‹የሁሉም› አላልኩም። እሱ ነው የሚለው፤ እሱ ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።»

ጸሐፊዋ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች።

«ብለዋል» አለች፤ እንደ ሹክሹክታ። «በርዎ ገርበብ ብሎ ነበር። የሁሉም ነው ሲሉ ሰማሁ። የእኔ እየሠራ ነው ልልዎት አሰብኩና ተውኩት። ሲቆጡ ያስፈሩኛል።»

ምክትሉ አዩዋት። ከዚያ የሚያዩት ነገር ያጡ ይመስል እጃቸውን ማየት ጀመሩ።

«ልገድላቸው አልገባሁም» አሉ በመጨረሻ። «ፎልደሩ ወደ እኔ ኮምፒውተር ይዛወር ልላቸው ነው የገባሁት። ቢሮውን የምመራው እኔ ነኝ፤ ሁሉም የሚያንኳኳው ግን የእሳቸውን ግድግዳ ነው። እኔም ጭምር። ሳቁብኝ። ‹ፎልደሩን ውሰደው ልጄ፤ ማንኳኳቱን ግን በምን ትወስደዋለህ?› አሉኝ። ገፋኋቸው። ቁም ሳጥኑ መታቸው። አልተነቃነቁም፤ የሞቱ መሰለኝ።»

ነዳፊው ማስመሪያው ከእጁ ወደቀ።

«ታዲያ ለእኔ የመለሰልኝ ማነው?»

ሽቦ ከሁሉም ቀድሞ ገባውና ወደ ግድግዳው ግርጌ አየ።

«እሳቸው ናቸው» አለች ወንፊት። «ማንኳኳት ሲሰሙ ነቁ። ወደ ግድግዳው ተሳቡ። ባንኳኳህ ቁጥር መለሱልህ፤ የእጃቸው ደም ጣውላው ላይ ተደራርቧል። እጃቸው ማውሱ ጋ አልደረሰም እንጂ።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። እርስዎስ ሰሙት?»

ምክትሉ የሸሚዛቸውን እጅጌ አስተካከሉ።

«ሰማሁ» አሉ። «እስኪያቆሙ ጠበቅኩ።»

ካቴናው ሲዘጋ ድምፁ ትንሽ ነበር። ረጅሙ ፖሊስ ሲያልፍ ሽቦን ላለማየት ዞር አለ። ጸሐፊዋ ስታለቅስ ነዳፊው አጠገቧ ቆሞ ነበር። የብረት በሩ ተከፈተ፤ ነፋስ ገባ። ሽቦ ግን አልተነሳም።

«እትዬ፣ አመኑኝ ማለት ነው?» አላት።

«አላመንኩህም» አለች ወንፊት ቦርሳዋን እየዘጋች። «ማተሚያውን፣ ግድግዳውንና ያችን ልጅ ነው ያመንኩት። አንተ ብቻህን ብትሆን ኖሮ አሁን ፖሊስ መኪና ውስጥ ነበርክ።»

ሽቦ ደረጃውን ወረደ። ሰፈሩ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሰፈሩ ባለሱቅ ከሩቅ አይቶት፣ አንድ ሣጥን ገልብጦ መቀመጫ አዘጋጀለት፤ ሁለት ደንበኞችም ሊሰሙ ቀረቡ። ዛሬ ምን አመጣህልን አሉት። ሽቦ ተቀመጠ፤ ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ፎልደሩ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ምክትሉ። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ እሱ ስለ አይጥ እያወራ መቆሙንም አልዘለለም። አልጨመረም፤ አልቀነሰም።

ባለሱቁ በሳቅ እጁን አጨበጨበ።

«ይቺ ጥሩ ናት» አለው። «መጨረሻዋን ግን አስተካክላት ወንድሜ፤ ሽማግሌውን አትርፋቸው።»

ሽቦ ሊያተርፋቸው አፉን ከፈተ። አንድ ቃል አልወጣውም።